ከማርና ከተባይ ባሻገር

በአገራችን ነፍሳት የሚታወቁት በሁለት ምክንያት ብቻ ነው፤ ወይ ማር ይሰጣሉ፣ ወይ ይጎዳሉ። ንብ በመጀመሪያው ምክንያት ትከበራለች። ተምች፣ አንበጣ፣ ነቀዝ፣ ትኋንና የወባ ትንኝ በሁለተኛው ይጠላሉ። ከእነዚህ ውጭ ያለው እልፍ አእላፍ ፍጡር ግን ምንነቱ ሳይለይ በእግር ይደፈጠጣል፣ መድኃኒት ይረጭበታል። ጎንበስ ብሎ የሚያየው ዐዋቂ ሰው ሥራ ፈት ይባላል። ልጅ ከሆነም «ተው፣ ይነክስሃል» ተብሎ በእጁ ተጎትቶ ይወሰዳል። በግብርና ፖስተር ላይ ነፍሳት የሚሳሉት እንዴት እንደሚገደሉ ለማሳየት ነው። በክፍል ውስጥ ደግሞ ራስ፣ ደረት፣ ሆድና ስድስት እግር ተብለው ለፈተና ይሸመደዳሉ፤ ተማሪው ግን በግቢው ዛፍ ላይ ያለውን አንዱን እንኳ ወጥቶ አያይም።

ይህ አመለካከት ስህተት ነው፤ ጎጂም ነው። ነፍሳትን በአድናቆት ማየት የእርሻ፣ የጤናና የቅርስ ጥበቃ ዕውቀት የሚጀምርበት ቦታ ነው። ማስረጃውን ፍለጋ ሩቅ አልሄድም፤ ከወናጎ ጓሮ እነሣለሁ።

ወናጎ በዲላና በይርጋ ጨፌ መካከል ትገኛለች። ሕዝብ እጅግ ተጠጋግቶ የሚኖርባት፣ ግን ዛፏን ያልጨረሰች ወረዳ ናት። ከላይ ታላላቅ አገር በቀል ዛፎች፣ ከሥራቸው እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡናና ሌላው ቁጥቋጦ ይበቅላሉ። የጌዴኦ ሕዝብ በዚህ እርስ በርሱ በተደራረበ እርሻ ሲኖር ዘመናት ተቆጥረዋል። ዩኔስኮም በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ ባደረገው ጉባኤ የጌዴኦን ባህላዊ መልክአ ምድር በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ከዚያ ወዲህ ስለ አካባቢው በተነገረ ቁጥር ትክል ድንጋዮቹ ይነሣሉ፣ ቡናው ይወደሳል፣ እንሰቱ ይጠቀሳል፣ ዛፎቹ በየስማቸው ይጠራሉ። ይገባቸዋል። ነገር ግን ይህን ሁሉ አያይዞ የሚያኖረው ትንሹ ፍጡር በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ቅርሱን እንጠብቃለን የሚሉ ሰዎች ቅርሱ በማን ድካም እንደሚኖር ካልጠየቁ የሚጠብቁት ግማሹን ብቻ ነው።

ዋርካን እንውሰድ። ሽማግሌ የሚዳኝበት፣ መንገደኛ የሚያርፍበት፣ ወፍና ጉሬዛ የሚመገቡበት ዛፍ ነው። የዋርካና የሾላ ፍሬ የምንለው ነገር በውስጡ ብዙ ጥቃቅን አበቦችን የያዘ ዝግ ቤት ነው። አበቦቹ ወደ ውስጥ ስለዞሩ ነፋስ አይደርስባቸውም፤ ንብም አታገኛቸውም። ወደ ውስጥ ገብታ የምታራባቸው ከሁለት ሚሊ ሜትር እምብዛም የማትበልጥ ተርብ ናት። ሴቷ ተርብ በፍሬው አናት ላይ ባለችው ጠባብ ቀዳዳ ተሸጉጣ ስትገባ ክንፏ ተገንጥሎ ይቀራል። ከተወለደችበት ዛፍ ያመጣችውን የአበባ ዱቄት ለአበቦቹ ታደርሳለች፤ በከፊሎቹም ውስጥ ዕንቁላሏን ትጥላለች፤ ከዚያ ሳትወጣ እዚያው ትሞታለች። ከልጆቿ ቀድመው የሚፈለፈሉት ወንዶቹ ናቸው። ክንፍ የላቸውም፤ ውጭውን ዓለም ለማየትም አልተፈጠሩም። ከሴቶቹ ጋር ከተገናኙ በኋላ የፍሬውን ግድግዳ ሰርስረው መውጫ ያበጁና ይሞታሉ። ሴቶቹ በዚያ መውጫ የአበባ ዱቄት ተሸክመው ሌላ ዛፍ ፍለጋ ይበራሉ።

ዋርካ፣ ሾላና ባምባ የአንድ ወገን ዛፎች ቢሆኑም በአብዛኛው የየራሳቸው ተርብ አላቸው፤ የአንዱ ተርብ የሌላውን ሥራ አትሠራም። ተርቧ ከጠፋች ዋርካው ዘር አይሰጥም። ያሁኑ ዛፍ ረጅም ዕድሜ ስላለው ጉድለቱ ለብዙ ዓመት አይታይም፤ በቦታው የሚተካ ግን አይኖርም። እንግዲህ በመርጫ መሣሪያው ደመና ውስጥ ሳትታወቅ የምታልቀውን ይህችን ተርብ «ምን ትጠቅማለች?» ብሎ መጠየቅ ዋርካውን ራሱን ምን ይጠቅማል እንደማለት ነው።

«ዋርካ ይቅር፤ እንሰቴን የሚያደርቀውን ንገረኝ» የሚል ገበሬ ይኖራል። ጥያቄው ፍትሐዊ ነው፤ መልሱም የዚሁ አካባቢ ታሪክ ነው። የእንሰት ሥር የምትመጥጠው ነጭ ነፍሳት በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በሳይንስ መዝገብ የገባችው በ1988 እ.ኤ.አ. ከወናጎ ነው፤ የዘገቡትም የነፍሳት ተመራማሪው ጸደቀ አባተ ናቸው። የራሷ ሳይንሳዊ ስም ያገኘችው ግን በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የሚሊዮኖችን ምግብ የምትበላ ፍጡር በወጉ የተለየ ስም አልነበራትም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከአፈር በታች ትኖራለች፤ ሰውነቷን ዱቄት በሚመስል ነጭ ሰም ትሸፍናለች፤ ገበሬውም የሚያየው እሷን ሳይሆን የሚጠወልገውን ቅጠል ነው።

ታሪኳን የፈታው መርዝ አይደለም፤ ማየት ነው። የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች በ2008 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ይህች ነፍሳት ከተክሉ ግንድና ሥር አካባቢ ርቃ እንደማትሄድ፣ ያለ እንሰትም ከሦስት ሳምንት ያህል በላይ መቆየት እንደማትችል አሳይተዋል። ጉንዳኖች ከጎኗ አይጠፉም፤ ከሰውነቷ የሚወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ እየላሱ ይንከባከቧታል። ከጓሮ ወደ ጓሮ፣ ከወረዳ ወደ ወረዳ የሚያሻግራት ግን በዋናነት የሰው እጅ ነው፤ በሥሩ ላይ ተሸክሟት የሚሸጠውና የሚተከለው ችግኝ ነው። ይህን ያወቀ ገበሬ ቅጠል ላይ መድኃኒት አይረጭም። ችግኙን ገልብጦ ሥሩን ያያል፤ ንጹሑን ይመርጣል፤ የተበከለውን መሬት ለአጭር ጊዜ ከእንሰት ያሳርፋል። ጠላቱን እንኳ ያሸነፈው ቀርቦ ስላየው ነው።

መርዝ ከተባለም የጌዴኦ እርሻ የራሱ አለው። ለቡና ጥላ የሚተከለው ብርብራ የኢትዮጵያ ብቻ የሆነ ዛፍ ነው። የፍሬውን ዱቄት የገጠር ሰው ዓሣ ለማፍዘዝ ሲጠቀምበት ኖሯል፤ በውስጡ ያለው ሮቴኖን የተባለ ንጥረ ነገር ነፍሳትን ይገድላል። ተመራማሪዎችም የብርብራን ፍሬ በዚችው የእንሰት ነፍሳት ላይ ሞክረውታል። ይህን ያነሣሁት ብርብራ ሁሉንም ይፈታል ለማለት አይደለም። ዛፉን ከነነፍሳቱ በቅርብ ያየ ሕዝብ ያካበተውን ዕውቀት ትተን በጠርሙስ የመጣውን ብቻ «ዘመናዊ» ብለን መጥራታችን ስህተት መሆኑን ለማሳየት ነው።

ሌላ ማስረጃ ልጨምር። በ2009 ዓ.ም. መጤ ተምች ከአሜሪካ ተነሥቶ አፍሪካን አቋርጦ በደቡብ ምዕራብ በኩል አገራችን ገባ፤ በቆሎውን ወረረ። መንግሥትም ገበሬም መርጫ መሣሪያ አነሣ፤ በእጅ እየለቀመ የገደለም ብዙ ነበር። በዚያው ዓመት በኢትዮጵያ የተምቹን ዕጭ ሰብስበው ያጠኑ ተመራማሪዎች ያልተጠበቀ ነገር አገኙ። ኮቴዢያ ኢሲፔ የምትባል ደቃቅ አገር በቀል ተርብ በተምቹ ሰውነት ውስጥ ዕንቁላሏን እየጣለች ነበር። በተጠኑት ቦታዎች ከመቶ ከ34 እስከ 45 የሚሆነው ዕጭ በእሷ ተጠቅቷል። ማንም ከውጭ አላስመጣትም፤ ማንም አልከፈላትም። ሳይንሳዊ ስሟን ያገኘችውም በዚያው በ2017 እ.ኤ.አ. ሲሆን የተሰየመችው ናይሮቢ ባለው ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል ስም ነው። አሁን የሚያስፈራውን እንናገር፤ ያገኘውን ሁሉ የሚገድል መድኃኒት ተምቹንም ተርቧንም አይለይም። ገበሬው ለተባይ ብሎ በረጨ ቁጥር በነጻ የምትሠራለትን ረዳት ይገድላል፤ ለሚቀጥለው ዓመትም ተጨማሪ መድኃኒት ይገዛል።

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ ጥቅም ነው፤ እዚህ ላይ ግን የነፍሳት ወዳጅ ነን ከሚሉትም ጋር እለያያለሁ። ብዙ የተፈጥሮ ጥበቃ ሰዎች ነፍሳትን የሚከላከሉት በብር ቆጥረው ነው፤ ንብ ይህን ያህል ምርት ታሳድጋለች፣ ስለዚህ ንብን እንጠብቅ ይላሉ። ሐሳቡ ቀና ነው፤ ግን እንደ ተቃዋሚዎቹ ሁሉ ጠቃሚውን ከማይጠቅመው አስቀድሞ ለይቶ የጨረሰ ይመስለዋል። ቡና ራሱ ይህን ያፈርሰዋል። አረቢካ ቡና ራሱን ማራባት ይችላል፤ ቢሆንም በፓናማ የተካሄደና በ2002 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ ጥናት ንቦች ሲጎበኙት ምርቱ በብዙ እንደሚጨምር አሳይቷል። ከዚያ በኋላ በሱላዌሲ፣ ኢንዶኔዢያ የተጠናው ደግሞ ነገሩን አጠለቀው። ሦስት ዓይነት ንቦች ብቻ በሚጎበኙት እርሻ ከመቶ 60 ያህሉ አበባ ፍሬ ሲይዝ፣ 20 ዓይነት ንቦች ባሉበት እርሻ ወደ 90 ከፍ ብሏል። ለውጡን ያመጣው የዓይነታቸው ብዛት ነው፤ ብዙዎቹም ማር የማይሰጡ፣ በየግንዱና በየአፈሩ ለብቻቸው የሚኖሩ ንቦች ናቸው። በአገራችን በጅማ አካባቢ የተደረገ ጥናት ግን የቡናውን አበባ በአብዛኛው የምትጎበኘው አንዷ የማር ንብ መሆኗን አሳይቷል። ቡናችን በአንዲት ዓይነት ንብ ላይ ተንጠልጥሎ እያለ ስለ ሌሎቹ አለማወቃችን ሊያሳስበን ይገባል።

ጣዝማም ይህንኑ ትመሰክራለች። ጣዝማ መንደፊያ የላትም፤ ቤቷንም ከመሬት በታች ትሠራለች። ማሯ ቀጭንና ጎምዘዝ ያለ ሲሆን ለሳልና ለሌላም ሕመም መድኃኒት ነው ተብሎ ከተራው ማር በላይ ይሸጣል። ሁሉም ማሯን ያውቃል፤ ስለ አኗኗሯ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ማሯ የሚገኘው ጎጆዋን ቆፍሮ በማፍረስ ነው፤ ንግሥቷም ዕጩም አብረው ይጠፋሉ። የሚፈለገው ምርቱ ብቻ ሲሆን ፍጡሯ የምትጠፋው እንዲህ ነው። በዘመናዊ ቀፎ ለማርባት የተጀመሩት ሙከራዎች የሚበረታቱ ናቸው፤ ግን ሙከራው የተቻለው ጎጆዋን፣ ንግሥቷንና የማር ከረጢቶቿን በትዕግሥት ያጠኑ ሰዎች ስለተገኙ ነው።

ለዚህ ነው አድናቆት ከጥቅም ይቀድማል የምለው። ከጥቅም የሚነሣ ሰው የሚያውቀውን ብቻ ይጠብቃል፤ በአድናቆት የሚነሣ ሰው ግን የማያውቀውን ይፈልጋል። ገብረ ጉንዳንን ያየ ሰው አመድ ለመበተን ከመሮጡ በፊት ጥቂት ይመልከት። የዚህ ሠራዊት ሠራተኞች ዓይን የላቸውም። በሺህ የሚቆጠሩ ዕውሮች አንዱ የሌላውን ሽታ እየተከተለ መንገድ ይቀይሳል፣ አዳኝ ያሰማራል፣ ዕጩን ተሸክሞ ከቦታ ወደ ቦታ ይጓዛል፤ ወታደሮቹ መንጋጋቸውን ከፍተው በግራና በቀኝ መንገዱን ያጥራሉ። ንግሥቷ ከጉንዳን ሁሉ ትልቋ የምትባል ናት፤ በወር ውስጥ ሚሊዮን ዕንቁላሎች ልትጥል ትችላለች። ይህ ሰልፍ በቤት ካለፈ በረሮውንና ቁንጫውን ጠርጎ ይሄዳል፤ ዶሮና ሕፃን ከፊቱ መነሣት እንዳለበትም የታወቀ ነው። አመዱን መበተን ይቻላል፤ ቤትን መጠበቅ ተገቢ ነው። ግን ይህን ሥርዓት ከአንድ ሰዓት በላይ ቁጭ ብሎ ያላየ ሰው ስለ ጉንዳን ዐውቃለሁ ሊል አይገባም።

ተቃዋሚው ከዚህ በኋላ ሁለት ከባድ ነገር ያነሣል፤ ወባና አንበጣ። በእነዚህ የተሠቃየ ሕዝብ ነፍሳትን እንዲያደንቅ መጠየቅ ጭካኔ ነው ይላል። በ2012 ዓ.ም. ማሳው በአንበጣ የተራቆተበት ገበሬ ምሬቱ እውነት ነው። አድናቆት ግን ምሕረት ማድረግ ብቻ አይደለም፤ አንዱን ከሌላው መለየትም ነው። የወባ ታሪክ ይህን ያረጋግጣል። በ2016 እ.ኤ.አ. ቀብሪ ደሃር የተሰበሰቡ ትንኞችን አንድ በአንድ የመረመሩ ሰዎች ከእስያ የመጣች፣ በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ የምትራባ አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች መጤ ዓይነት አገኙ። በድሬዳዋ በ2022 እ.ኤ.አ. ለተነሣው የወባ ወረርሽኝም ይህችው ትንኝ መንስኤ ሆና ተገኘች። ወባን የምናውቀው ረግረግ ካለበት ቆላ ስለነበር በከተማ በርሜል ውስጥ ማንም አይፈልጋትም ነበር። ትንኝ ሁሉ አንድ ነው ያለ ሰው ይህችን ትንኝ አያገኛትም። ያገኟት ክንፏንና እግሯን በአጉሊ መነጽር እያዩ «ይህቺ የኛ አይደለችም» ያሉ ሰዎች ናቸው።

ወደ ወናጎ ስመለስ አደጋው እዚያ እየቀረበ መሆኑን መሸሸግ አይገባም። ጫት በዲላና በወናጎ ዙሪያ በቡናና በእንሰት መሬት ላይ እየገፋ መሆኑ በጥናት ተጽፏል። በአገራችን ብዙ ጫት አብቃይ አካባቢ ደግሞ ቅጠሉ እንዲያምር ፀረ ተባይ መርጨት የተለመደ ነው፤ በጫት ላይ በተደረጉ ምርመራዎች ዲዲቲ ሳይቀር ተገኝቷል። የጌዴኦ ቡና ገበሬ በአብዛኛው ኬሚካል ሳይረጭ የሚያመርት ነው፤ በ2002 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የይርጋ ጨፌ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየንም ኦርጋኒክ የተባለ ቡና ለዓለም ገበያ ያቀርባል። ያ ምስክር ወረቀት የሚመሰክረው ለገበሬው ብቻ አይደለም። ከገበሬው ጋር ሆነው ተባይ የሚይዙ ተርቦች፣ ቅጠል የሚያበሰብሱ ጥንዚዛዎች፣ አፈር የሚከፍቱ ጉንዳኖችና ምስጦች አሉ። ጎን ለጎን ባለ ማሳ ላይ የሚረጭ መርዝ አጥር አያውቅም።

በጀርመን በ63 የተጠበቁ ቦታዎች የተካሄደና በ2017 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ ጥናት በ27 ዓመት ውስጥ የሚበሩ ነፍሳት ጠቅላላ ክብደት ከመቶ ከ75 በላይ መቀነሱን አሳይቷል። ይህ የታወቀው ሙያተኞችና በፍላጎታቸው የተሰባሰቡ የነፍሳት ወዳጆች ወጥመድ እየዘረጉ፣ እየመዘኑ ከዓመት ዓመት ስለመዘገቡ ነው። እኛ ዛሬ መመዝገብ ካልጀመርን ሲጠፉ እንኳ መጥፋታቸውን አናውቅም።

ስለዚህ የምጠይቀው ነገር ግልጽ ነው፤ ብዙ ገንዘብም አይፈልግም። በወናጎ ትምህርት ቤቶች ያሉ የሥነ ሕይወት ክበቦች በዓመት አራት ጊዜ በአንድ የተወሰነ ዋርካ፣ በአንድ የቡና ጓሮና በአንድ የእንሰት ማሳ ያዩትን ነፍሳት በደብተርና በስልክ ካሜራ ይመዝግቡ። ዲላ ዩኒቨርሲቲ ስማቸውን በመለየት ያግዛቸው፤ በጌዴኦኛ ሽማግሌዎችና እናቶች የሚጠሯቸውን ስሞች ከነታሪካቸው ይሰብስብ። የግብርና ባለሙያው መድኃኒት ከማዘዙ በፊት ገበሬው ያመጣውን ነፍሳት አይቶ፣ ጓደኛውንም ጠላቱንም ለይቶ ይንገረው፤ በፖስተሩ ላይ ከተባዩ ጎን ተባዩን የሚበላውም ይሳል። ቅርሱን የሚያስጎበኙ ወጣቶች እንግዳውን ዋርካ ሥር ሲያቆሙ በፍሬው ውስጥ ስላለችው ተርብ ይንገሩት።

የጌዴኦ መልክአ ምድር ለዓለም ቅርስነት የበቃው አያቶች ዛፉን በስሙ፣ በጠባዩና በጎረቤቱ ስላወቁት ነው። ያንን የማወቅ ልማድ ከዛፉ ቅርንጫፍ ወደ ፍሬው ውስጥ፣ ከእንሰቱ ቅጠል ወደ ሥሩ ማውረድ የዚህ ትውልድ ሥራ ነው። ልጆቻችን ነፍሳት ባዩ ቁጥር «ምን ይጠቅማል?» ከማለታቸው በፊት «ምን ይሠራል?» ብለው እንዲጠይቁ እናስተምራቸው። ሁለተኛው ጥያቄ ሳይመለስ የመጀመሪያውን የመለሰ ሰው በወናጎም ሆነ በሌላ ቦታ ብዙ ጊዜ ተሳስቷል።